አንድን እርሳው

ባጃጁ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፣
ከባሕር ዳር ቀበሌ አሥራ አንድ እስከ ጣና ዳር፤
መጀመሪያ ቤዝ ድራሙን፣
ቀጥሎ ቶሞቹን፣ በገመድ ተጠፍረው፣
በመጨረሻ እኔን፣
ሲምባሎቹን እንደ ሰፌድ ጭኔ ላይ ደራርቤ።

የሸጠልኝ ሰው ይርሳው ይባላል፤
ሃያ ዓመት በኪነት ቡድን ሲመታ ኖሮ
ወገቡ "ይብቃህ" ያለው።
ብሩን ሁለቴ ቆጥሮ ኪሱ ከተተና
"ምን ልትጫወትበት ነው?" አለኝ።
"ሬጌ።"
ሳቀ። "እንግዲያው ግማሹን መልስልኝ፤
ለሬጌ የሚበዛው ዕቃ ነው፣ የሚያንሰው ልብ።
ደግሞ አንድን እርሳው።
ስሜን ከያዝህ አይጠፋህም።"

መድረኩ ከሾላው ሥር ነው፣
በርሜል ላይ የተረበረበ ጣውላ፣
ጀርባው ውሃ፣ ፊቱ አሣ ጥብስ የሚጠብቅ ሰው።
ገጠምሁ፣ ፈታሁ፣ እንደገና ገጠምሁ።

ትንሿን ቶም አነሣኋት፤ ለዙረት ትጋብዛለች፣
እጅ አንዴ ካገኘች ወሬ ታበዛለች።
ትልቁን ከቀኜ አቆምሁት፣ እንደ አገር ሽማግሌ፣
ሲጠሩት ብቻ የሚናገር።
ራይዱን ከከረጢቱ አላወጣሁትም።
ክራሹን አርቄ ሰቀልሁት፣
ክንዴ ሰንፎ እንዲተወው።
የስኔሩን ቁልፍ ጠመዘዝሁ፣ ጠመዘዝሁ፣
እንደ ደረቀ ቀርከሃ "ቷ" እስኪል፤
ከሥሩ ያለውን ሽቦ ለቀቅሁት፣ ማንሾካሾኩ ቀረ።

ቤዝ ድራሙ ግን እምቢ አለ።
ስመታው ውሃውን ተሻግሮ
ደብረ ማርያም ደርሶ ይመለሳል።
እኔ የምፈልገው ሆድ ውስጥ የሚቀር ነው፣
"ዱም" ብሎ እዚያው የሚሞት፣
ምስክር የማይጠራ።
ባዘዘው ቤዝ ጊታሩን ሳያወርድ "ትራስ ክተትበት" አለኝ።
ትርፍ ትራስ የለንም። ቤት ሄድሁ።

አባቴ ልንገረው ሠላሳ አንድ ዓመት
በጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ፣ በሽመና ማሽን መሐል ቆመ፤
ጆሮውን እዚያው ትቶ ጡረታ ወጣ።
ስሙ ልንገረው፣
የሚነግሩት ግን በጩኸት ነው።
ሲሰናበት የሰጡትን ብርድ ልብስ ከሣጥን አወጣልኝ፣
ግራጫ፣ ጠርዙ ቀይ፣ አንድ ቀን ያልተለበሰ።
"ለምንህ ነው?"
"ለከበሮዬ ሆድ!"
"ብርዱ እዚያም ገባ?" አለና
ዱላውን ይዞ ተከተለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦
አንድ ላይ ዝም።
ሁለት ላይ ጊታሩ "ጭክ"።
ሦስት ላይ እግርና እጅ ባንድ ጉድጓድ ይወድቃሉ።
አራት ላይ ጊታሩ፣ ከዚያ ደግሞ ዝም።
አፍ ላይ ቀላል ነው።
የጎጃም እግር ግን ባዶ ቦታ አይወድም፤
አንድ በመጣ ቁጥር ቁርጭምጭሚቴን ያሳክከኛል።

አባቴ መዳፉን ከበሮው ላይ አሳርፎ
ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ።
ስናቆም፣
"አንዱ ተበጥሷል" አለ።
"ምኑ?"
"ክሩ ነዋ። ሁለት መቶ ማሽን መሐል ስቆም
የሚጮኸውን ሰምቼ አላውቅም፣
ሁሉም ይጮሃላ።
እኔ የምሰማው ዝም ያለውን ነበር።
ክር ሲበጠስ አንድ ምት ይጎድላል፣
ወደዚያው እሮጣለሁ። በል ቋጥረው።"

ጆሮው ሥር ሄጄ ጮህሁ፣
"አባዬ፣ ሆን ብዬ ነው የበጠስሁት!"
ወደ ሐይቁ ዞረ፤ ሁለት ታንኳ፣ አንድ ይብራ።
"ሆን ተብሎ?" አለ። "ታዲያ ማን ይቀጥለው?"
መልስ አልነበረኝም።
ብርድ ልብሱን አንድ እጥፍ ጨመርሁ።

ቅዳሜ ማታ ሰው መጣ፣ አሣው ቀረበ፣
ነፋሱ ክራሹን ሳልነካው ነካው።
አባቴ ከፊት ወንበር፣
ዱላው ጉልበቱ ላይ፣ መዳፉ የመድረኩ ጣውላ ላይ።
አንድ ሲሆን ከወንበሩ ብድግ ይላል፣
አንገቱ ይዞራል፣ የተበጠሰውን ይፈልጋል።
ሦስት ላይ ይቀመጣል።
አንድ፣ ብድግ።
ሦስት፣ ቁጭ።
"ሽማግሌው ጨፈረ!" ብለው አጨበጨቡለት።
ሥራ ላይ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።